ከጓሮ እስከ ማዕድ፤ የቲማቲም፥ የኪያርና የአይብ ሰላጣ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አዲስ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። እሳት ሳይነካው ስለሚበላ አንድ ቀላል ምግብ ነው፤ ይኸውም ከቲማቲም፥ ከኪያርና ከአይብ የሚዘጋጅ ሰላጣ ነው። ወንዶቹ «ይህማ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ጆሯችሁን እንዳትመልሱ አደራ እላለሁ። የዚህ ምግብ ግማሽ ሥራ የሚሠራው በማጀት ሳይሆን በእርሻውና በበረቱ ነውና።

እንደምታውቁት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ በብዙው የአገራችን ክፍል ፀሐይ የምትበረታበት ነው። ሰው ከእርሻ ደክሞና ተጠምቶ ሲመለስ ትኩስ ወጥ አያሰኘውም። በዚያው ወራት ደግሞ በመስኖ የለማው አትክልት ይደርሳል። በፎገራ ሜዳ የርብንና የጉማራን ውኃ እየጠለፉ፥ በመቂና በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያም ከሐይቁና ከወንዙ እየሳቡ የሚያለሙ ገበሬዎች ይህን ያውቁታል። ቲማቲሙ በአንድ ጊዜ ይቀላል፤ ገበያው ይሞላል፤ ዋጋው ይወድቃል። ብዙ ገበሬ ደክሞ ያፈራውን ቲማቲም በማሳው ጥግ ሲበሰብስ እያየ፥ ልጆቹ ግን እንጀራቸውን በበርበሬ ብቻ ሲበሉ ይገኛሉ። ይህ ሊሆን አይገባውም። ከመሸጥ በፊት የቤት ድርሻ መለየት አለበት።

አይቡም ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ለክርስቲያኑ ወገን ዐቢይ ጾም ወጥቶ ፋሲካ ከገባ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እንግዲህ ሙቀቱ፥ ቲማቲሙና አይቡ በአንድ ወራት ይገናኛሉ ማለት ነው።

ስለ ጥቅሙ በአጭሩ ልናገር። ኪያርና ቲማቲም ከመቶው ከ90 እጅ በላይ ውኃ ናቸው፤ ስለዚህ ጥም ይቆርጣሉ። ቲማቲም፥ ቃሪያና ሎሚ ቫይታሚን ሲ አላቸው። ይህም በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ ሁኔታ እንዲወስደው ይረዳል። ሰላጣውን ከምስር ወጥ ወይም ከሽሮ ጋር አብሮ መብላት መልካም የሚሆነው ስለዚህ ነው። አይብ ደግሞ ከመቶው 15 እጅ ያህሉ ሰውነት ገንቢ የሆነው ፕሮቲን ነው፤ ቅቤው አስቀድሞ ስለ ወጣ ስቡ ጥቂት ነው። ከ8 ሊትር ወተት ቅቤው ከወጣ በኋላ ከአሬራው 1 ኪሎ ያህል አይብ ይገኛል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ከብዙ ዓመታት በፊት፥ ሥራ በጀመርሁበት ቀበሌ፥ ጎረቤት ሰብስቤ ይህንኑ ሰላጣ ሠርቼ አሳየሁ። ቲማቲሙን ያለቀለቅሁት ከመስኖው ቦይ በተቀዳ ውኃ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፥ ይህ ውኃ እኮ ከላይ ከብት የሚጠጣበት ነው» አሉኝ። እኔም «አይስጉ እማማ፥ ሎሚው ይገድለዋል» ብዬ መለስሁ። በማግሥቱ ከበሉት ልጆች ሁለቱ በተቅማጥ ወደቁ። አንደኛው ወደ ጤና ጣቢያ በሸክም ተወሰደና በእግዚአብሔር ቸርነትና በባለሙያዎቹ ትጋት ዳነ። እናቲቱ አልወቀሱኝም፤ ነገር ግን በዚያ መንደር ለረዥም ጊዜ ጥሬ አትክልት ወደ አፉ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የቲማቲሙ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ከዚያ የተማርሁት ይህን ነው። ወጥ ሲሠራ እሳቱ ብዙውን ስሕተታችንን ያርምልናል። ሰላጣ ግን እሳት የለውም። በማሳው፥ በበረቱና በውኃው የተሠራው ስሕተት ሁሉ ሳይታረም በቀጥታ ወደ ማዕዱ ይመጣል። እንግዲህ ከማሳው እንጀምር።

1ኛ፤ በማሳው። በቲማቲም ላይ ትል፥ ይልቁንም ቱታ አብሶሉታ የተባለው ሰርሳሪ ሲነሣ ገበሬው መድኃኒት ይረጫል። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከተረጨ በኋላ እስከ ለቀማ ድረስ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለትን ልጁን ወይም የልማት ሠራተኛውን ይጠይቅ። ቀኑ ሳይሞላ የተለቀመ ቲማቲም ለቤትም ለገበያም አይሁን። በውኃ ማጠብ መድኃኒቱን ሁሉ አያስለቅቅምና። ባዶውን የመድኃኒት ዕቃ ለውኃ ወይም ለወተት መያዣ ማድረግ ከቶ የተከለከለ ነው። ደግሞም ጥሬ የከብት ፍግ በአትክልቱ ሥር አታድርጉ፤ በጉድጓድ ተከማችቶ በሚገባ የበሰበሰውን ብቻ ተጠቀሙ። ለቀማው ጠዋት፥ ፀሐይ ሳትበረታ ይሁን። የተሰነጠቀውንና የሻገተውን ለዩ። ኪያሩ ቢጫ ከመሆኑ በፊት፥ አረንጓዴና ጠንካራ ሳለ ይቆረጥ። ውኃ የተጠማ ኪያር ይመራል፤ ስለዚህ ከመከተፋችሁ በፊት በግንዱ በኩል ያለውን ጫፍ ቆርጣችሁ ቅመሱ። ጫፉ ብቻ ከሆነ ጫፉን ጣሉ፤ ሁለመናው የሚመር ከሆነ ግን አትብሉት።

2ኛ፤ በበረቱ። ያስወረደች ላም ወተት ለሰላጣው አይብ አይሁን፤ የእንስሳት ሐኪሙም ይጠራ። ብሩሴላ የተባለው የውርጃ በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። በሰው ላይም የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ለነፍሰ ጡር እናቶችም አደገኛ ነው። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ከታመመች ላም በወተት ሊተላለፍ ይችላል። የሚያልበው ሰው እጁን፥ የላሚቱንም ጡት ይጠብ። የወተቱን ዕቃ በወይራ ጪስ ማጠን የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው፤ መዓዛ ይሰጣል፥ ወተቱንም ለማቆየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ያልታጠበ ዕቃ ቢታጠን ንጹሕ አይሆንም። መጀመሪያ እጥበት፥ ቀጥሎ ዕጣን ነው።

3ኛ፤ በአይቡ። እንደ ልማዳችን አሬራው በለሰለሰ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ብዙ ሳይማሰል ይቆያል፤ አይቡም ተለይቶ ይወጣል። ነገር ግን አይብ ገና ለብ ባለ ሙቀት ሊረጋ ይችላል፤ ያ ሙቀት ከላይ የተናገርኋቸውን በሽታዎች አይገድልም። ስለዚህ አይቡ ከተለየ በኋላ ወዲያው አታውርዱት። እሳቱን ጨመር አድርጋችሁ አጓቱ ዳር ዳሩን እስኪፈላ ጠብቁ፤ ጥቂት ደቂቃም እንደዚያው ይቆይ። «አይቡ ይደርቃል» የምትሉ ባለሙያዎች እውነት አላችሁ፤ ትንሽ ይጠነክራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከፈላው አጓት አንድ ጭልፋ አስቀሩና አይቡ በተቀቀለ ንጹሕ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ከጠለለ በኋላ አንድ ሁለት ማንኪያ መልሳችሁ አሹት፤ ይለሰልሳል። የቀረው አጓት ሲቀዘቅዝ ለቂጣ ማቡኪያ ወይም ለጥጃ ይሆናል። አይቡ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥና በዕለቱ፥ ቢበዛ በማግሥቱ ይበላ።

4ኛ፤ በውኃው። የወንዝም ሆነ የቦይ ወይም ያልተከለለ ምንጭ ውኃ ከሆነ፥ አስቀድሞ ይፍላ። አገራችን ደጋ የሚበዛባት ስለ ሆነች መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ተከድኖም ይቀዝቅዝ። አትክልቱ ሳይከተፍ፥ እንዳለ ሆኖ እየታሸ ይታጠብ፤ ከተከተፈ በኋላ ማጠብ እድፉን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይዋል። ሎሚና ኮምጣጤ ጣዕም ይሰጣሉ፤ የእጥበትን ቦታ ግን አይተኩም። ይህን የምነግራችሁ ከላይ እንዳያችሁት ተምሬበት ነው።

5ኛ፤ በማጀቱ። ለአምስት ሰው የሚበቃው መጠን እንዲህ ነው። በመጠኑ መካከለኛ የሆነ 4 ቲማቲም፤ 2 ኪያር፤ 1 ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፤ 1 ወይም 2 ቃሪያ፤ የ1 ሎሚ ጭማቂ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት፤ ጨው፤ 1 ኩባያ አይብ።

በመጀመሪያ ሽንኩርቱን በደቃቁ ክተፉና በሎሚው ጭማቂና በትንሽ ጨው አሽታችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ ኃይሉ ይበርዳል። ቀጥሎ ኪያሩን ክተፉና ጨው ነስንሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ጨው ውኃውን ያወጣዋል። ያንን ውኃ አፍስሱት፤ ይህ ካልተደረገ ሰላጣው በሳሕኑ ውስጥ ውኃ ያቁራል። ቲማቲሙን በመጨረሻ ክተፉ፤ ጭማቂው ብዙ ከሆነ ፍሬውን ጥቂት ቀንሱለት። ቃሪያውን ጨምሩ፤ ሁሉን አንድ ላይ አድርጋችሁ ዘይቱን አፍስሱበትና በቀስታ አገላብጡ። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ፤ ኪያሩና ሽንኩርቱ ቀድመው ጨው ጠጥተዋልና። አይቡን በመጨረሻ፥ ገበታው ሲቀርብ ብቻ ከላይ በትኑት። አብሮ ከታሸ ቀልቶ ይላቁጣል፥ ለዓይንም አያምርም። የጤና አዳም ወይም የበሶብላ ቅጠል ያለው ሰው ጥቂት ቢያክልበት መዓዛው ደስ ያሰኛል።

ሰላጣው ተሠርቶ ከሁለት ሰዓት በላይ በሙቀት አይቆይ። የተረፈውን ለማታ አታሳድሩ፤ ይልቅ ልክ ልኩን ሥሩ።

በጾም ቀን አይቡን ተዉት። በአይቡ ፈንታ የተቆላና የተፈጨ ተልባ ቢነሰነስበት፥ ወይም እንጀራ ተቆራርሶበት የቲማቲም ፍትፍት ቢሆን ልጆችም ሽማግሌዎችም ይወዱታል። ኪያር የማይገኝበት አገር ያለ ሰውም ቲማቲሙንና ቃሪያውን ይዞ ይሥራ። የጎደለውን እየቆጠሩ ያለውን መጣል አይገባም። በሚቀጥለው በጋ ግን ከጉድጓዱ ወይም ከቦዩ አጠገብ አራት አምስት ጉድጓድ ኪያር ቢዘራ፥ በሁለት ወር ገደማ ለቤት የሚበቃ ያገኛል።

አሁን ለእናንተ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጥቂት ቃል አለኝ። ይህን ምግብ ለማሳየት ስትሄዱ ከከተማ ዕቃ ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ በእመቤቲቱ ማጀት፥ በእርሷው ድስትና ቢላዋ ሥሩ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፥ ቲማቲሙ መቼ እንደ ተረጨ፥ ላሚቱ አስወርዳ እንደ ሆነ ጠይቁ። የሚያጠራጥር መልስ ካገኛችሁ ትምህርቱን በዚያ ቀን አታድርጉ። ውኃውን አፍልታችሁ፥ ቀኑን ቆጥራችሁ፥ በሌላ ቀን ተመለሱ። አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጎዳ የለም። ሰው ከታመመ ግን የእናንተ ምክር ሁሉ፥ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም የምትናገሩት ሳይቀር፥ ከዚያ ቤት ተቀባይነት ያጣል። ደግሞም ባላገር ሲጠይቃችሁ፥ ይልቁንም እናት ስትጠይቃችሁ፥ ቶሎ አትመልሱ። ያቺ እናት ስለ ቦዩ የተናገሩት ከእኔ ትምህርት የሚበልጥ ዕውቀት ነበር፤ እኔ አልሰማኋቸውም።

የተከበራችሁ ገበሬዎችና እመቤቶች፤

በቲማቲሙ መስክ ላብ ያፈሰሰው አባወራ፥ ላሚቱን ያለበችው፥ አሬራውንም የገፋችው እመቤት የድካማቸውን ፍሬ በመጀመሪያ በራሳቸው ገበታ ሊያገኙት ይገባል። በቀትር ፀሐይ ከእርሻ ተመልሳችሁ፥ ከጥላው ሥር ተቀምጣችሁ፥ ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ሰላጣ ስትቆርሱ ያለ ሥጋት የምትበሉት፥ ማሳውን፥ በረቱንና ውኃውን የጠበቃችሁ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ጀምሩ፤ የነገውን የመታጠቢያ ውኃ ዛሬ ማታ አፍልታችሁ፥ ከድናችሁ አሳድሩ።