ያልታተመው ዜና፤ ላስታና የወሎ ረኃብ
(ለማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በዋሽንግተን ከተማ ከ2000 እስከ 2012 ዓ.ም. ኒውዚየም የሚባል ትልቅ የዜና ቤተ መዘክር ክፍት ነበር። የየአገሩ ጋዜጦች የፊት ገጽ በየዕለቱ በደጁ ይታይ ነበር። በዚያ ቤት የሚታየው ግን የታተመው ነው። ያልታተመውን ለማወቅ የፈለገ የሙያ ባልደረባ ወደ ላስታ መውጣት ይኖርበታል።

በላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። አገሩ ዳገትና ገደል የበዛበት ስለሆነ የየቀበሌው ሰው ወሬ የሚለዋወጠው በዚያ ነው። ረኃብም አስቀድሞ የሚነበበው በገበያ ነው፤ የእህል ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ የከብት ዋጋ ቁልቁል ይወርዳል። ገበሬ የእርሻ በሬውን ለሽያጭ ሲነዳ ከታየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ለገና የሚመጣውም ተሳላሚ «አገሩ እንዴት ከረመ?» ሲባል መልሱን ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ወሬው አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የሚያትመው ነው። መንግሥቱ ረኃቡ እንዳይሰማ በመፈለጉ በጋዜጦቹ ዝምታ ሰፈነ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። ጋዜጣ ያልሠራውን ግድግዳ ሠራው፤ የዜና ቤተ መዘክር ማለትስ ይኸው አይደለምን?

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የኢትዮጵያ ተመልካች ያን ፊልም ያየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ ነው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያም ቢሆን ንጹሕ ዘገባ አልነበረም፤ ተደብቆ የኖረው ዜና የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ ተመለሰ እንጂ።

ደብቆ የጣለውን መንግሥት የተካውም ከዚህ አልተማረም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በድምቀት ስታከብር፣ በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር በኮረም ሰው በረኃብ ይረግፍ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ቃል ይህንኑ ለዓለም አሰሙ፤ አሁንም ወሬው የወጣው በባዕድ አፍ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ አባላት ለአንድ ቀን ጉብኝት ላሊበላ ቢወጡ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ከተሳለሙ በኋላ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይውረዱ፤ የገብሱንና የበሬውን ዋጋ ጠይቀው በማስታወሻቸው ይያዙ።