ጓያ የሚሰብረው የት ላይ ነው?



እዚህ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ጓያን የማያውቅ የለም። ክረምቱ ሲወጣ በመረሬ መሬት በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ሌላው አዝመራ ሲከዳ እሱ አይከዳም። ክፉ ቀን ረዝሞ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን የብርቱ ጎረምሳ እግር ይገተራል፤ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ሲብስበትም ይድሃል። ያን ጊዜ «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ምን ያህል እንደተስፋፋ አሳይተዋል።

የሚሰበረው አጥንት አይደለም፤ ጉዳቱ የሚጀምረው በነርቭ መገናኛ ላይ ነው። ሁለት የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙበት ክፍተት ስፋቱ 20 ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከወዲህ ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ይለቀቃል፤ ከወዲያ ተቀባይ ፕሮቲኖች ይጠብቁታል። ተቀባዮቹ እንደነገሩ የተበተኑ አይደሉም፤ ፒ.ኤስ.ዲ.-95 የተባለ ፕሮቲን ሰብስቦ በቦታቸው ይይዛቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ክምችት ግሉታሜት ከሚለቀቅበት ቦታ ጋር ፊት ለፊት ይሰለፋል። መልእክቱ ሳይደክም የሚደርሰው በዚህ አሰላለፍ ነው።

በጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ በቅርጹ ግሉታሜትን ይመስላል። ሰርገኛ መስሎ ዳስ እንደገባ ያልተጠራ እንግዳ፣ እነዚያው ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል፤ ነርቩንም ከልክ በላይ እየቀሰቀሰ ይጎዳዋል። አንዴ የተሰበረን እግር የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

መከላከያው ግን በእጃችን ነው። ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም ጉዳቱን ያሳንሳል። መርዙ ያነሰበት ዘርም በምርምር ወጥቷል።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ለገበሬው «ጓያ አትብላ» ማለት ቀላል ነው። እሱ ግን የሚዘራው መርዙን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላው ሰብል ስለከዳው ነው። የግብርና ምሩቅ የተሻለውን ዘር ማሳው ድረስ ያድርስለት። የጤና ምሩቅ ማዘፍዘፉን ከእናቶች ጋር ማጀት ገብቶ ያሳይ። የሳይንስ ምሩቅም በነርቭ መገናኛው ላይ ያልተፈታውን ይመርምር። ሦስታችሁ ካልተገናኛችሁ የአንዳችሁ ዕውቀት ብቻውን አንድ እግር አያድንም።

ዕውቀታችሁ ለወገን የሚተርፍ ይሁን።