«ፓወር»፦ አንድ ቃል፣ ብዙ ትርጉም



የመሐንዲስ ሥራው ከቁጥር ጋር ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ማናቸውም ቁጥር ወደ ንድፍ፣ ወደ ውልና ወደ ጨረታ ሰነድ የሚገባው በቃል ታጅቦ ነው። ቃሉ ከተዛባ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሥራው መበላሸቱ አይቀርም። ለዚህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ የሙያ ባልደረቦች በየዕለቱ የሚጠሩትን «ፓወር» የተባለውን የእንግሊዝኛ ስም መመርመር ይበቃል።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ «መቻል» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግሥ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያ ያመለክት የነበረው የማሽንን ሳይሆን የሰውንና የመንግሥትን ችሎታ ነበር። ዛሬም የሕግ ባለሙያ በዚህ ቃል ሲናገር ሥልጣንን ማለቱ ነው፤ ወካይ ለተወካዩ የሚያስተላልፈውም ይኸው ነው። የታሪክ ጸሐፊ ኃያላን መንግሥታትን፣ የሒሳብ መምህር የቁጥርን ርቢ፣ መነጽር ሠሪ ደግሞ በዳይኦፕተር የሚለካውን የሌንስ ብርሃን የማጠፍ ችሎታ በዚሁ ቃል ይጠራሉ። አማርኛ ለእነዚህ ለብዙዎቹ ሥልጣን፣ ኃያል፣ ርቢ እያለ የተለያየ ስም ስለሰጣቸው አስተዋይ ተርጓሚን እምብዛም አያስቸግሩትም።

ቃሉ ከመንግሥት ወደ ማሽን የተሻገረበትን ዘመን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። የጄምስ ዋት ሸሪክ የነበረው ማቲው ቦልተን እ.ኤ.አ. በ1776 በበርሚንግሃም አጠገብ የሚገኘውን የሶሆ ፋብሪካውን ለደራሲው ጄምስ ቦዝዌል ሲያስጎበኝ፣ እርሱ የሚሸጠው ዓለም ሁሉ የሚመኘውን «ፓወር» መሆኑን ነግሮታል። በአንድ ቃል ሁለቱን ትርጉም፣ የንጉሡንም የእንፋሎት ሞተሩንም፣ መጥራቱ ነበር። ዋት ግን በቃል ጨዋታ አልተወሰነም። ገዢው አንድ ሞተር ስንት ፈረስ እንደሚተካለት እንዲያውቅ፣ 33,000 ፓውንድ ክብደትን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጫማ ከፍ የሚያደርገውን ሥራ የአንድ ፈረስ ልክ አድርጎ ወሰነው። ይህም 746 ዋት ያህል ነው። በአውሮፓ አህጉር የተለመደው የሜትሪኩ የፈረስ ጉልበት ግን 735.5 ዋት ያህል ነውና፣ «የፈረስ ጉልበት» የሚለው ስም እንኳ ብቻውን ልክ አይሆንም።

ቴክኒካዊው ትርጉም አጭር ነው፤ «ፓወር» ማለት ሥራ የሚከናወንበት ፍጥነት ነው። አንድ ዋት በሰከንድ አንድ ጁል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው። «ኃይል» የተባለው የግዕዝ ቃላችን ሰፊ ነው፤ በኃይለ ሥላሴ ስም ውስጥ መለኮታዊ ችሎታን፣ በአየር ኃይል ስም ውስጥ ሠራዊትን ያመለክታል። በሙያው ዘንድም ገፊውን ጉልበት፣ የሥራውን ፍጥነትና የተጠራቀመውን ኢነርጂ በአንድነት ይሸከማል። ሦስቱ ግን በመለኪያ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው በኒውተን፣ ሁለተኛው በዋት፣ ሦስተኛው በጁል ወይም በዋት ሰዓት ይለካል።

ልዩነቱን ለመረዳት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የታላቁን የሕዳሴ ግድብ ማየት ይጠቅማል። ጣቢያው የተተከለለት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በሙሉ አቅሙ ዓመቱን በሙሉ ቢሠራ ከ45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ያመነጭ ነበር። የታቀደለት ዓመታዊ ምርት ግን 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት፣ ማለትም የዚህ 35 በመቶ ያህል ነው። ይህ የጣቢያው ጉድለት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው የዓባይ ውሃ መጠንና የተርባይኖቹ አቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው ነው። «በዓመት ይህን ያህል ሜጋ ዋት ያመነጫል» ብሎ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ምንም አልነገረንም።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የአንድ ጤና ጣቢያ ጭነት፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን፣ የመሣሪያ መቀቀያውንና የውሃ ፓምፑን ጨምሮ፣ 40 ኪሎ ዋት ነው እንበል። የግዢው ሰነድ «ፓወር፦ 40» ብሎ ያልፋል። አቅራቢው 40 ኪሎ ቮልት አምፔር የተጻፈበትን ጄኔሬተር ያመጣል። ፓወር ፋክተሩ 0.8 ቢሆን ከዚህ የሚገኘው 32 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። በዚህ ላይ አምራቹ ልኩን የወሰነው በባሕር ጠለል ከፍታ ሊሆን ይችላል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከችሎታው ጉልህ ክፍል ያጣል። አቅራቢው አላታለለም፤ ገዢውም አልዋሸም፤ ሁለቱም ያነበቡት አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ፓምፑ ሲነሣ ጄኔሬተሩ ይወድቃል፤ ማቀዝቀዣውም ይቆማል። የቃሉን ዋጋ የምትከፍለው ሕፃኗን አዝላ ለክትባት በእግሯ የመጣች እናት ናት።

ስለዚህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ፓወር» ወይም «ኃይል» የሚለው ቃል መለኪያው ሳይጻፍ ከቁጥር ጎን አይቁም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የሚጸናበት ሁኔታ፣ ማለትም ከፍታው፣ ሙቀቱ፣ ፓወር ፋክተሩና የሥራው ቆይታ፣ አብሮ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ በአማርኛ በሚዘጋጅ ሰነድ ለአንድ ትርጉም አንድ ቃል ይመደብ፤ ለፍጥነቱ «ኃይል»፣ በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ስም ውስጥ የምናገኘው «ኢነርጂ» ደግሞ ለተጠራቀመው መጠን ቢውል፣ ትርጉሙም በውሉ መግቢያ ላይ ቢሰፍር፣ አብዛኛው ክርክር ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል።

ሕዝባችን መብራት ቤትም ጨለመ ወፍጮም ቆመ «መብራት ጠፋ» ይላል፤ ማንም አይሳሳትበትም፤ የጠፋው ምን እንደሆነ ሁሉም ያያልና። ውልን የሚፈርም መሐንዲስ ግን ገና ያልተተከለውን ዕቃ የሚያየው በቃል ብቻ ነው። ቃሉን ሳይለካ ማሽኑን ሊለካ አይችልም።