ለጋ ቡቃያ ማዳበሪያ አያሻውም

የጎመን ዘር ወይም አብሽ ዝርግ ዕቃ ላይ ባለ አፈር በትኖ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ለጋ ቡቃያውን አጭዶ መብላት ይቻላል። ማዳበሪያ አያሻውም፤ ዘሩ የመጀመሪያ ቀናት ስንቁን ይዞ ይበቅላል። አብዛኛውን ጊዜ ተባይ ሳይደርስበት ስለሚታጨድም ኬሚካል መርጨት አያስፈልግም።

«ጭብጥ ቅጠል ምን ይፈይዳል?» የሚሉ ይኖራሉ። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 25 ዓይነት ቡቃያዎችን መርምሮ፣ በጥቅሉ ከጎለመሰው ቅጠል የላቀ የቫይታሚን ክምችት እንዳላቸው አሳይቷል። እርግጥ የዘወትሩን ጎመን አይተካም፤ ማዕዱን ግን ያበለጽጋል። ዋናው ጥንቃቄ ዘሩ ላይ ነው፦ ፀረ ተባይ የተለወሰውን ትተው ለምግብ የተዘጋጀውን ይምረጡ፤ ንጹሕ ውኃ ያጠጡ፣ ሻጋታ ካዩበት ይጣሉት።