ፎቶግራፍ አንሺው ያቆየልን ዳላስ

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለምንኖርባት ከተማና ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ የአንድ ሰው ስም ነው፤ አር. ሲ. ሂክማን። ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ሂክማን ሚኒዮላ በምትባል የምሥራቅ ቴክሳስ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በፓሲፊክ ሳለ ፎቶግራፍ ማንሣት ተማረ። ዳላስ ተመልሶም ለጥቁሮች ጋዜጣ ለዳላስ ስታር ፖስትና ጄትን ለመሰሉ መጽሔቶች ሠራ። በዚያን ዘመን የነጮቹ ጋዜጦች የጥቁርን ሰርግና ምርቃት እምብዛም አያወጡም። እርሱ ግን ሙሽራውንም፣ ተመራቂውንም፣ መዘምራኑንም፣ ባለሱቁንም አነሣ። የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ደግሞ የነጭና የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች ምን ያህል እንደሚበላለጡ በፎቶግራፍ እንዲያስረዳለት አሠርቶታል። አንዱ ካሜራ ለሰርግም ለክርክርም ይውል ነበር ማለት ነው።

በየዓመቱ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበትን የፌር ፓርክ ትርዒት ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ለጥቁሮች የተለየ ቀን ተመድቦ ነበር፤ በዚያም ቀን ቢሆን የሚከለከሉባቸው መጫወቻዎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። ወይዘሮ ጁዋኒታ ክራፍት ያደራጇቸው ወጣቶች መፈክር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሂክማንም አነሣቸው። ልጆቹ በደንብ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ነው የቆሙት። እኔ ከመፈክሩ ይልቅ ልብሳቸውን አይቼ ብዙ ቆየሁ። እናቶቻቸው የተኮሱላቸው ይመስላል። ዛሬ ልጆቻችን ያለ ከልካይ የሚገቡበት በር ያ ነው።

ያ ሰው የሚያውቀው ከተማ አብዛኛው ዛሬ የለም። በየቀኑ ወደ ሥራ የምንነዳበት ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ በ1940ዎቹ ሲሠራ ከባርነት ነፃ በወጡ ሰዎች መቃብር ላይ አለፈ። በ1990ዎቹ መንገዱ ሲሰፋ ከ1,100 በላይ መቃብሮች ተቆፍረው አፅሙ ሌላ ቦታ አረፈ፤ የአብዛኞቹ ስም አልታወቀም። በአጠገቡ የነበረው የጥቁሮች ሰፈርም ፈርሶ ዛሬ አፕታውን ተብሎ ውድ አፓርታማ ቆሞበታል። ሂክማን በ2007 ሲያርፍ ግን ነጋቲቮቹ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው ነበር፤ በ1994ም ከእነርሱ ተመርጦ መጽሐፍ ወጥቷል። ፎርት ወርዝም ካልቪን ሊትልጆን የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበራት።

ከእኛም ወገን፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ወደ ለንደን ሲሰደዱ ነጋቲቮቻቸውን ባያተርፉ ኖሮ ያ ዘመን ለኤግዚቢሽን ባልበቃ።

እኛስ? ከ1980 የስደተኞች ሕግ ወዲህ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ወገኖቻችን በምሥራቅ ዳላስ አፓርታማዎች ነበር የተጠጉት፤ ወደ ጋርላንድና ወደ ሪቻርድሰን የሰፋነው በኋላ ነው። ከእነዚያ ሕንፃዎች የፈረሱ አሉ። በማያውቀው ሰው መኪና ተደግፎ ተነሥቶ ፎቶግራፉን ለእናቱ ያልላከ ማን አለ? (ሳቅ) እናት ግን መኪናውን አላየችም፤ ልጇ መክሳቱን ነው ያየችው። ያ ፎቶግራፍ ዛሬ የዳላስ ታሪክ ነው። በኪራይ አዳራሽ የተከበረው እንቁጣጣሽም፣ በሌሊት ፈረቃ ጋራዥ ስንሠራ የተነሣነውም እንዲሁ። አሁን በስልካችን በቀን መቶ እናነሣለን፤ ስልኩ ሲሰበር ግን አብሮ ይሄዳል።

የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። በቅርቡ በለቅሶ ቤት አንድ አልበም ሲዞር ከስድስት ሰዎች የሁለቱን ብቻ ነው ያወቅነው። የቀሩትን ያውቁ የነበሩት፣ አልበሙን ያወጣንላቸው ሟች ናቸው።

ስለዚህ ኮሚቴው ያሰበው ይህ ነው። ያላችሁን ፎቶግራፍ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አምጡ፤ ቅጂው ተነሥቶ ዋናው እዚያው ይመለስላችኋል። ገጹ የሚያጣብቅ የቆየ አልበም ያላችሁ ፎቶግራፉን አትንጩ፤ የጥርስ ክር ከሥሩ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡበት። ከጀርባው በስክሪፕቶ ተጭናችሁ አትጻፉ፣ ፊቱ ላይ ይወጣል፤ ስም፣ ዓመትና ቦታ ለብቻ ወረቀት ላይ ይጻፍ። መጻፍ ላልቻሉ አባቶችና እናቶች የሚጽፉ ልጆች ተመድበዋል፤ ከምግቡ በኋላ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ታገኟቸዋላችሁ።