የሳቀ አንባቢ ዕዳ

(የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረት፣ ስለ ሕንፃዎቹና ከዚህ ግቢ ወጥተው ለቁም ነገር ስለ በቁት ሰዎች በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡን ተናግረዋል፤ በዚያ ላይ የምንጨምረው የለንም። እኛ የተነሣነው ስለ አንዲት የእንጨት ሣጥን ለመናገር ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተሰቅላ የምትታየው፣ ቀለሟ የለቀቀው፣ ክዳንዋ ላይ «አስተያየት» የሚል ቃል ያለባት ሣጥን እርስዋ ናት። ብዙዎቻችሁ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አቤቱታ የሚገባባት ይመስላችኋል፤ እንዲህ ያለም ወረቀት አልፎ አልፎ አግኝተንባታል። ነገር ግን የተሠራችው የክበባችን ጽሑፎች ሲነበቡ ሰሚው የተሰማውን ጽፎ እንዲጨምርባት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤታችን አንድ አስቂኝ ጸሐፊ ተነሣ። ያን ጊዜ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ስሙን እንዳንጠራ ስለ ለመነን አንጠራውም፤ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ይህ ጓደኛችን በየሳምንቱ ዓርብ በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ የሚነበብ አጭር ታሪክ ወይም ግጥም ይሰጠን ነበር። ከሁሉ የተወደደለት የሹራቡ ታሪክ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አራት ወንድማማች እየተቀባበሉ የለበሱት አንድ የደንብ ልብስ ሹራብ አለ፤ ታላቅየው ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለ ተማረ ሹራቡም ሁለት ጊዜ ተምሯል፤ በዚህም ምክንያት ከአራተኛው ወንድም ይልቅ ፊዚክስ ያውቃል። በፈተና ቀን ልጁ ሲያላብ ሹራቡ ከእጅጌው በኩል መልሱን ይነግረዋል። ይህ በተነበበ ጊዜ አንድ የፊዚክስ መምህር የያዙትን ሻይ እስኪያፈሱ ድረስ ሳቁ። እዚህ መካከል ስለ ተቀመጡ ማንነታቸውን እናቆየዋለን።

በማግሥቱ ሣጥኗን ብንከፍት ሠላሳ አንድ ወረቀት አገኘን። ሃያ ስምንቱ «በርታ» ወይም «በጣም ግሩም ነው» የሚሉ ነበሩ። ጓደኛችን ወረቀቶቹን አንድ ባንድ አንብቦ «በርታ የሚለውን ምን ላድርገው? የበረታሁት የት ላይ እንደ ሆነ የነገረኝ የለም» አለን። እኛም እንደ ኩራት ቆጥረንበት «ምስጋና አይበቃህምን?» ብለን ተቈጣነው። ከቀሩት ወረቀቶች አንዷ ግን በትንንሽ ፊደል የተጻፈች ነበረች፤ ቃልዋም እንዲህ ይላል፤ «ሹራቡ ፊዚክስ ያውቃል ያልህበት ላይ ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ቀለሙ ስታወራ እኔ ምሳዬን ከፍቼ መብላት ጀመርሁ።» ስም አልነበረባትም። ጓደኛችን ይህችን ወረቀት አጥፎ በደብተሩ ውስጥ አኖራት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ጽሑፉ እያጠረ ሄደ።

እንግዲህ ይህ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ ሲመጣ ብቻውን ሆኖ «እንዴት ያማረ ነው» እያለ አይኖርም፤ በመምህሩ ፊት ይናገራል። ያማረ እንደ ሆነ «ይበል!» ይባላል፤ ቤቱ የተበላሸ ወይም ምሥጢሩ የሳተ እንደ ሆነ እዚያው ይታረማል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ያለ ሰሚ አትቆምም። «ይበል» የሚለውም ቃል ክብር ያገኘው ለሁሉ ስለማይባል ነው፤ እኛ «በርታ»ን እንደ ረከሰ ነገር ለሁሉ ስናድል መክረማችን ግን እውነት ነው።

የአለቃ ገብረ ሐናንም ነገር እናስብ። አለቃ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ በተክሌ አቋቋምም ስማቸው አብሮ ይነሣል። ሕዝቡ ግን ከሁሉ በላይ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ቀልዶቻቸውን ይዞ ያቆየው ሰሚው ነው፤ የጣመውን ለጎረቤቱ ነገረ፣ ያልጣመውን ጣለው፤ ሌላ ሰው የተናገረውንም ደስ ባለው ጊዜ በእርሳቸው ስም አደረገው። በዚህ ዓይነት ሰሚው ራሱ ግማሽ ደራሲ ሆነ። (ዛሬ የእኛው የክፍል ጓደኞች ያወጡትን ቀልድ እንኳ «አለቃ እንዲህ አሉ» እያሉ ሲያወሩት ሰምተናል፤ አለቃ ስለ ሞባይል ስልክ ብዙ እንዳላወቁ የታወቀ ነው።)

የአንባቢና የተመልካች መልስ ደግሞ ሁልጊዜ ሳቅ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሥራቸው ደራሲ አልነበሩም፤ በሩስያ አገር የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ የመንግሥት ሰው ናቸው። እኒህ ሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ፤ የአማርኛ ተውኔት መጀመሪያም እርሱ ነው። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከአውሬው ቆዳ በታች የዘመኑ የአስተዳደር ጉድለት ታየ። በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ዘንድም ነገሩ ስላልተወደደ ተውኔቱ ታገደ። ከፍ ያሉ ሰዎች በተሳቀባቸው ጊዜ ይህን መልስ ለመስጠት ይችሉ ነበር። ዝቅ ያለው ሰው በተሳቀበት ጊዜ ግን ምን ይመልስ? ማንንስ ያግድ? እኛ ይህን ጥያቄ ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ ጥፋታችን ነው፤ ወደዚያው እንመለስ።

በሚያዝያ ወር አንድ ዓርብ ጓደኛችን የሰጠን ጽሑፍ ሳያስቅ ቀረ። ሰው በዕረፍቱ ሰዓት እያወራ አለፈው። እኛ የክበቡ ሰዎች ተሰብስበን «ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ጻፍ፤ ያን ጊዜ ይሳቃል» ብለን መከርነው። ይህን ምክር የሰጠነው እኛ ነን፤ እርሱ ከራሱ አላመጣውም። በሚከተለው ዓርብ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ቆሎ ስለሚሸጡት እናት ግጥም ይዞልን መጣ። እኒህ እናት ጆሯቸው በደንብ እንደማይሰማ ሁላችን እናውቃለን። ከግጥሙ ሁለቱ ስንኞች እነዚህ ናቸው፤

ገብሱን ስጭኝ ብላት ሽንብራ ሰፈረች፤
ስንት ነው ብላት ደግሞ ስሟን ተናገረች።

አንብበን በሳቅ ወደቅን። እውነቱን ለመናገር ግጥሙ እንደ ግጥም ጥሩ ነው፤ ቤቱ ይመታል፣ መጨረሻውም ሳይታሰብ ይመጣል። በሚኒ ሚዲያም ሦስት ጊዜ ተነበበ፤ ሁለቱን ጊዜ ያስደገመው ሰሚው ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሁሉ በበሩ ሲወጣ እየተቀባበለ ይለው ነበር፤ አንዳንዱም ወደ እናትየዋ ጠጋ ብሎ «ስንት ነው?» እያለ ይጠይቅና ሳይገዛ ይሮጥ ነበር። እርሳቸው ሰው በዛልኝ ብለው ስፍሪያቸውን አነሡ። ይህን ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ቆመው አይተዋል፤ ምንም አላሉም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉልን። እናት ለሆኑ ሴት በግጥሙ ውስጥ «ሰፈሩ» አልተባለም፤ «ሰፈረች» ተባለ። ለቤት መምታት ነው ብንል ማንም አያምነንም፤ ስለ ዳይሬክተራችን ቢሆን ኖሮ ሌላ ቤት እንፈልግ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሣጥኗን ስንከፍት ወረቀቱ ከአርባ ይበልጥ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ሌላ! ሌላ!» ይላል። ከታች ግን በዚያች በትንንሽ ፊደል የተጻፈች ወረቀት ወጣች። እንዲህ ትላለች፤

ስሟን ብትነግርህ አትሳቅባት ወንድሜ፤
ስምሽ ማን ነው ሳትሏት ፈጀች እኮ ዕድሜ።

በዚህኛው ወረቀት ስም ነበረበት፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከስሟም በታች «ልጃቸው» የሚል ተጽፏል። ያን የሹራቡን አስተያየት የጻፈችው፣ ጓደኛችንን ማሳጠር ያስተማረችው አንባቢ እርስዋ ነበረች።

በክፍሉ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በኋላ አንዱ «ቀልድ አታውቅም» አለ። ይህን ቃል ሰው ሲጠፋበት የሚደበቅበት ጥላ እንደ ሆነ የተረዳነው ያን ቀን ነው፤ ምክንያቱም ቀልድ ማወቅዋ በእጃችን ላይ ተጽፎ ነበር። የእርሱን የመጨረሻ ቃል አንሥታ መልሳ ሰጠችው፤ ቤቷም ከእርሱ ቤት አያንስም። ጓደኛችን ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው፤ ከዚያም ከገዛ ግጥሙ አጠገብ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በአራት መርፌ አስቀመጠው። ስንከለክለው አልሰማንም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፈም።

በእነዚያ ሁለት ወራት ሣጥኗ ውስጥ የገባውን እዚህ ብንናገር ያሳፍረናል። «ለምን ተውህ? ፈራህን?» የሚል አለ። ልጅቱን የሚሰድብም አለ። በርታ ያሉት እነዚያው እጆች እንደ ነበሩ ከጽሕፈቱ አውቀናል። ከእኛም መካከል «ጥፋቱ የጸሐፊው ነው፤ እኛ አንባቢ ነን» ያሉ ነበሩ፤ በዚህ ነገር ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተከራከርን። አንዲት የክበባችን አባል ግን «ሹራቡን ያስጻፈው ማን ነው? ቆሎውንስ ያስጻፈው ማን ነው? ሳቃችን አይደለምን?» ብላ ጠየቀች፤ መልስ የሰጣት አልተገኘም።

በአማርኛ መምህራችን ምክር በዚያ ሰሞን የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» አብረን አነበብን። መንግሥቱ የቅኔ መምህር የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ እንደ ነበሩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የኮሜዲያው ነገር ሴት ልጅን ጠልፎ ስለ ማግባት ነው፤ ይህ ደግሞ ማንንም የማያስቅ መከራ ነው። እያነበብን ሳቅን፤ በሳቅንበት ሥፍራ ሁሉ ግን እየቆምን «በማን ነው የሳቅነው?» ብለን ጠየቅን። ባገኘነው ቍጥር የሚሳቅበት ጠላፊውና መካሪዎቹ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ማንበብ አድካሚ ነው፤ አንዳንዱም «ሳቄን አበላሻችሁብኝ» ብሎ ወጣ። ለእኛ ግን በዓመቱ ውስጥ ካነበብነው ሁሉ የተሻለ ንባብ ነበር።

ጓደኛችን በሰኔ ወር፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ብቻውን ወደ በሩ ሄደ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልነገረንም። ከጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ስማቸውን ሲጠይቃቸው፣ እርሳቸውም የገብሱ ዋጋ ዐሥር ብር ነው ብለው ሲመልሱለት በሩቅ ያዩ አሉ። ልጃቸው ይህን በሰማች ጊዜ ከሁላችን በላይ የሳቀችው እርስዋ ናት። ስማቸውን ዛሬ ሁላችን እናውቀዋለን፤ በመጽሔት ላይ እንዳይወጣ ስለ ጠየቁን ግን አላወጣነውም።

በዚህ በዓል መጽሔት ላይ የዚያው ጓደኛችን አዲስ ታሪክ ታትሟል፤ የሚስቀውም በራሱ ላይ ነው። ጽሑፉ ለእኛ ከመድረሱ በፊት አሁን ዐሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰችው አንባቢው አንብባው ሁለት ገጽ ሙሉ ሰርዛ መልሳለታለች፤ የተሰረዘው ስለ ቀለም ነበር ይባላል። ወላጆችም ሆናችሁ ተማሪዎች ባነበባችሁት ጊዜ የት ላይ እንደ ሳቃችሁ፣ የት ላይ ምሳችሁን እንደ ከፈታችሁ ጽፋችሁ ሣጥኗ ውስጥ ጨምሩልን። ቁልፏ ባለፈው ወር ስለ ጠፋ ክዳንዋን በምስማር መትተነዋል፤ ወረቀቱ ግን በቀዳዳው ይገባል። እንዴት አድርገን እንደምናወጣው ክበቡ እስካሁን እየተከራከረበት ነው።