የዘር ዓሣ

በአዲ አርቃይ ከተማ ስለ ወንዝ ዓሣ አያያዝ በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣
የተከበራችሁ ከየቀበሌው የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ባልደረቦች፣
በተለይም መረባችሁንና መንጠቋችሁን ወንዝ ዳር ትታችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣

 

የዚህን ሥልጠና የጥሪ ደብዳቤ ስጽፍ አንድ ወዳጄ አየና «ደግሞ ለዓሣ ስብሰባ! ሐይቅ የት አላችሁና?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። ዓሣ ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ጣና ነው። ጎንደር ሆቴል ገብቶ ዓሣ ጥብስ የሚያዝዝ ሰው ከጎርጎራ ዛሬ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቅ ይሆናል እንጂ ከዛሪማ ወንዝ ስለወጣው አይጠይቅም። እኛ ግን ከስሜን ተራሮች ግርጌ ነን። ከላይ የሚወርደው ውሃ በደጃችን ያልፋል፤ መድረሻውም ተከዜ ነው። ዓሣም በዚሁ መንገድ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሐይቅ ባይኖረንም ወንዝ አለን፤ የወንዝ ዓሣ ደግሞ ከሐይቁ ይልቅ ለመጥፋት ቅርብ ነው። ምክንያቱን ለመናገር ጥቂት ደቂቃ እወስድባችኋለሁ።

በነሐሴ ድንጋይ እያንከባለለ ሰው አላሻግር የሚል ወንዝ ጥር ሲጋመስ ምን እንደሚመስል እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ትልቁ ይቀጥናል። ገባሮቹ ጭራሽ ይቆራረጣሉ፤ እዚህ ጋ ጥልቅ ኩሬ፣ ከዚያ ወዲያ ደረቅ ጠጠር፣ እንደገና ኩሬ። በክረምት በወንዙ ርዝመት ሁሉ ተበትኖ የነበረው ዓሣ ተሰብስቦ እነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ይገባና የሰኔን ውሃ ይጠብቃል። መውጫ የለውም። ገበያው የሚደራውም በዚያው ወቅት ነው፤ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቻለሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሳሉ አልዳፈርም። ገበያው ግን የእኔን ምስክርነት አይፈልግም።) እንግዲህ ውሃው ሲያንስ ፈላጊው ይበዛል፣ ዓሣውም አንድ ቦታ ታጉሮ ይገኛል።

አርሶ አደር ቤቱ ቢራብ እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመንካት እጁ ይንቀጠቀጣል። ጎተራው ቢራቆት ይበደራል እንጂ ዘሩን አይፈጭም። በመጋቢት ኩሬ ውስጥ ያለው ዓሣም የወንዙ ዘር ነው። ለከርሞ ወንዙን የሚሞላው እሱ ነው፤ ሌላ መጠባበቂያ የለም።

የራሴን ልናገር። ልጅ ሆኜ ባደግሁበት ቀበሌ ዓሣ የምንይዘው በብርብራ ነበር። ፍሬውን እንወቅጣለን፣ በአሮጌ ጨርቅ እንቋጥራለን፣ ከኩሬው ራስ ላይ ገብተን ውሃው ውስጥ እናሸዋለን። ከዚያ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ብዙም አይቆይ፤ ዓሣው እየተንገዳገደ ወደ ላይ ይመጣል፣ አፉን ከፍቶ አየር ይለምናል፣ ከዚያ ሆዱን ወደ ሰማይ ያዞራል። ለእኛ ተአምር ነበር። ትልልቁን ለቅመን በዱላ ሰካክተን ስንሄድ ጣት የማያህሉት ጫጩቶች ኩሬው ዳር ነጭ ሆነው ተደርድረው ቀሩ። አሞራ እንኳ አልጨረሳቸውም። በዓመቱ በዚያው ጊዜ፣ ያንኑ ጨርቅ ይዘን፣ እዚያው ኩሬ ሄድን። እንቁራሪት ብቻ ነበር። «ዓሣው ሸሽቷል» ተባባልን። ግራና ቀኙ ጠጠር በሆነ ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ ወዴት ይሸሻል? እኛ ነን የጨረስነው፤ ይህን ለማወቅ ግን እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ብርብራ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዓሣው በስንጥቡ ያስገባውን አየር አካሉ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይታፈናል። መረብ ቢያንስ ቀዳዳ አለው፣ ትንሹን ያሳልፋል። መንጠቆ አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። መርዝ ግን እናቱን ከጫጩቱ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። አሁን የባሰው ደግሞ ብርብራ መውቀጥ የሰለቸው ሰው ለሰብል የተገዛውን ፀረ ተባይ ወደ ውሃ ማምጣቱ ነው። ብርብራስ ፀሐይና ጊዜ ያበርዱታል። በኬሚካል የሞተ ዓሣ ግን ማታ ለልጆች ይቀርባል፤ ከኩሬው በታች እናት ማድጋዋን ትሞላለች፣ ከብት ይጠጣል። ይህን ዓሣ ማስገር ብዬ ልጠራው አልችልም።

ከሦስቱ የታወቁ ዓሦቻችን እያንዳንዱ የሚጎዳበት መንገድ የተለየ መሆኑን ከነገው አሠልጣኝ በሰፊው ትሰማላችሁ። እኔ ላንሳው ብቻ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም የተፈለፈሉትንም ጫጩቶች በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ እሷን ያወጣ ሰው ቤተሰቡን በሙሉ አወጣ። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ጭቃ ውስጥም ይከርማል፤ ሞኝነቱ እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆፍረን እንደምናወጣው አለማወቁ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ምሁራኑ ላቤኦባርበስ የሚሉት፣ ክረምት ሲገባ ንጹሕ ውሃና ጠጠር ፍለጋ ወደ ገባር ወንዞች ወጥቶ ነው የሚራባው። የዚህን ዓሣ ነገር ጣና ላይ የሆነውን ሳይነግሩ ማለፍ አይቻልም።

ጣና ውስጥ የላቤኦባርበስ ዓይነቶች 17 ያህል ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በዓለም የትም አይገኙም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ዓሦቹ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ድርማ ለመራባት ሲተሙ አስጋሪው ወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ጠበቃቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ፣ አሁንም እ.ኤ.አ. ነው የምናገረው፣ የተካሄዱ ጥናቶች ሲነጻጸሩ የእነዚህ ዓሦች መጠን በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ሐይቁ አልደረቀም። መረቡም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትሩን ሁሉ አልሸፈነም። ጥቂት የወንዝ አፎች ናቸው የተዘጉት። ያንን የሚያህል ሐይቅ በጥቂት በሮች ከተራቆተ፣ በእርምጃ የሚለካ ኩሬ ስንት ቀን ይቆያል?

በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው። መብራቱን አልጠላም። ነገር ግን ከግድቡ በታች ያለ ዓሣ ያንን ግንብ ዘሎ ወደ ላይ አይወጣም። ለመራባት ወደ ላይ ልውጣ ካለ የቀሩት በሮች ገባሮቹ ናቸው።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባላል። ስለዚህ ወቀሳውን ከአናቱ፣ ከእኛ ከመሥሪያ ቤቶቹ ልጀምር። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የበግ፣ የፍየል፣ የንብ ቀፎ ቁጥር እንሞላለን። የወንዝ ዓሣን የምጽፍበት ረድፍ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ በስሜን በኩል አድርጎ ጎንደር ገብቶ ነበር። ያገኛቸውን ዓሦች ሥሎ፣ ለክቶ ጻፈ። አንዱን በአገሬው ስም «በሶ» አለው፤ ምሁራን እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚያው ስም ነው። የምንበጠብጠውን በሶ ማለቴ አይደለም! መንገደኛው ያልናቀውን ዓሣ እኛ ባለቤቶቹ መቁጠር አልጀመርንም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ክልላችንም የራሱን አዋጅ ቁጥር 92 አውጥቷል። በመርዝና በፈንጂ ማስገር ክልክል ነው። ፖሊስና ዳኛ በዚህ አዳራሽ እንዲቀመጡ የፈለግነው የአዋጁን ቅጂ ዛሬ በእጃቸው ይዘው እንዲሄዱ ነው። ከላያችን ባለው ገደል ላይ የሚኖረው ዋልያ ስካውት አለው፣ ፓርክ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አገሩ የዓለም ቅርስ ነው። ዋልያ ተገደለ ሲባል አገር ይሰማዋል። ኩሬ ሙሉ ዓሣ ሲያልቅ ግን ወሬው ከመንደር አያልፍም። ለዓሣ ስካውት ይቀጠር አልልም፤ በጀቱን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። መንጠቆ የያዘውን ሁሉ ወንጀለኛ ለማድረግ አልመጣሁም። ይህ አካባቢ ጦርነት አልፎበታል፣ የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች ድርቅም ቀምሰዋል። የተራበ ሰው ወንዝ ቢወርድ ማን ይፈርድበታል? ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ዓሣ በመንጠቆ ይዞ ለእናቱ የሚወስድ ልጅ ወንዝ አያጠፋም፤ እንዲያውም ወንዙን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ክሴ በሦስቱ ላይ ነው፤ መርዝ በሚጨምረው፣ ለወባ መከላከያ የተሰጠውን አጎበር እንደ መረብ በሚጎትተው፣ በሐምሌና በነሐሴ የወንዝ አፍ በሚዘጋው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሩቅ አይደሉም። የእኛው ወንድሞች፣ የእኛው ጎረቤቶች ናቸው። አንዳንዶቻችሁም እዚህ አላችሁ፤ መምጣታችሁን እንደ ድፍረት ነው የማየው።

ወጣቶቹ «ካልያዝነው ሌላው ይይዘዋል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ። ለዚህ ነው ነገሩ ለአንድ ሰው ምክር ተሰጥቶ የማይሆነው፤ ቀበሌው በሙሉ መስማማት አለበት። ለዚህ ደግሞ አዲስ አይደለንም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያለ ዛፍ ዙሪያው ሁሉ ተራቁቶ እሱ ብቻ ቆሞ የሚታየው ጠባቂ ተቀጥሮለት አይደለም፤ አይነካም ስለተባለ ነው። በዚሁ በሰሜን ጎንደር ቆላ ዋልድባ ገዳም አለ፤ በዚያ እህል እንደማይዘራና መነኮሳቱ በቋርፍ እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። አንድን ቦታ ለይቶ መተውን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ የት አለ?

ከዚህ ሥልጠና የምጠብቀው ስለዚህ ብዙ አይደለም። ነገ ከሰዓት በኋላ ከመለያየታችን በፊት የእያንዳንዱ ቀበሌ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በበጋ የማይደርቀውን አንድ ኩሬ በስሙ ጥሩልኝ። አንድ ብቻ። ከጥር እስከ ሰኔ መረብም፣ ብርብራም፣ አጎበርም የማይገባበት፣ የዘር ውሃ ይሁን። ሽማግሌዎች ቃሉን አስሩልን፤ አባቶች ምከሩልን። ሌላውን ኩሬ በመንጠቆ ተጠቀሙበት። የኩሬዎቹን ስም ጽፌ ለመውሰድ ባዶ ደብተር ይዤ መጥቻለሁ፤ ባዶውን እንዳትመልሱኝ እያልኩ ሥልጠናው መከፈቱን በአክብሮት አበስራለሁ።